በጉ ያልረገጠው ድንጋይ

ፎቶ አንሺው የሞተው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ነው። ከገደሉ ግርጌ ተቀምጦ የዱር በጎች ሲወርዱ ፎቶ በማንሳት ላይ እንዳለ ድንጋይ ራሱን መታው። ታላቅ እህቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። እሱንም ታናሹንም ከእናታቸው ሞት በኋላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ሬሳውን ስታይ፣ ከማልቀሷ በፊት የጃኬቱን ቁልፎች ቆለፈችለት።

ሲሞት በአካባቢው የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ታናሽ ወንድሙና የበጎቹን አወራረድ የሚያጠናው ተመራማሪ። የፖሊስ መርማሪዋ ባረፉበት የእንግዳ ማረፊያ ሳሎን፣ እህትየው ባለችበት ጠየቀቻቸው።

«ሰኞ ዕለት ተጣልታችኋል አሉ» አለችው ተመራማሪውን።

«አዎ፤ በጎቹን ያስበረግግብኝ ነበር። ጠዋት ግን ከወንዙ ማዶ ነበርኩ።»

«ውሸታም! አንተው ነህ የበላኸው!» አለች እህትየው።

«ተይው እትዬ» አላት ታናሹ። «አውራው በግ ነው። ሲዘል ድንጋዩን በሰኮናው ፈነቀለው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«አንተስ ወንዝ ዳር ነበርክ?» አለችው መርማሪዋ።

«ወንዝ ዳርማ የጀማሪ ቦታ ነው!» ደረቱን ነፋ። «የገደሉ ላይኛው እርከን ላይ ነበርኩ፤ ብቻዬን። ሁልጊዜ ምርጡን ቦታ የሚይዘው እሱ ነው አይደል የምትሉት? የዛሬው የኔ ነበር።»

«እንግዲህ በጉም ቃሉን ይስጣ» አለች መርማሪዋ። ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ሦስቱንም ኮምፒውተር ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ካሜራው ቢሰበርም ካርዱ ተርፏል። ሟቹ በሰከንድ አሥር ፎቶ ያነሣ ነበር። ይኸው፣ በጉ አራት እግሩን ሰብስቦ ገና እንደቆመ ነው። ድንጋዩ ግን ከበጉ ራስ በላይ፣ አየር ላይ ነው። በጉ የዘለለው ድንጋዩ ካለፈው በኋላ ነው፤ ደንግጦ።»

«ሌላ በግ ይኖራላ ከላይ!» አለች እህትየው። አንዱን ቀብራ ሁለተኛውን ማጣት አልፈለገችም።

መርማሪዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ተመራማሪው የዚህን በግ ቁመት ለክቶታል፤ እስከ ትከሻው አንድ ሜትር ነው። ድንጋዩ ከአንዱ ፎቶ እስከ ቀጣዩ ሁለት የበግ ቁመት ወርዷል። በሰከንድ ሃያ ሜትር ማለት ነው። ድንጋይ ይህን ያህል የሚፈጥነው ሃያ ሜትር ያህል ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚያ ቦታ ሃያ ሜትር ሽቅብ ስንለካ ላይኛው እርከን ላይ እንደርሳለን። በግ ደግሞ ሰው የተቀመጠበት እርከን ላይ አይወጣም።»

«ድንጋዩ ራሱ ተንከባሎስ ቢሆን?» አለች እህትየው።

«እርከኑ ወጥ አለት ነው፤ ልቅ ድንጋይ የለበትም። የገደለው ድንጋይ ውሃ ያለሰለሰው የወንዝ ድንጋይ ነው። ወንዝ ደግሞ ሽቅብ አይፈስም፤ ሰው ነው ተሸክሞ ያወጣው።»

ታናሹ ወደ መርማሪዋ አላየም፤ ወደ እህቱ ዞረ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ‹የፎቶ አንሺው ወንድም› ነው የምባለው። እኔም እኮ ካሜራ አለኝ፣ እትዬ! አንቺስ ግድግዳሽ ላይ የማንን ፎቶ ሰቀልሽ?»

«የሱን ነዋ! እሱ ያመጣልኝ ነበር። አንተ አንድ ቀን አምጥተህልኝ ታውቃለህ?»

ታናሹ እጆቹን ለካቴና ዘረጋ።

አሥራ ስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። እህቱ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የታጠበ ልብስ ትወስድለታለች።