ያልጻፈችው ደብዳቤ

«ደብዳቤሽ ልባችንን ነክቶታል» አለች አንዲት የኦንላይን ትምህርት ቤት መምህርት ከኮምፒውተሩ ውስጥ።

የምን ደብዳቤ የሚለው ጥያቄ የልጅቷ አፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የዘጠነኛ ክፍልን ሒሳብ ገና ሰባተኛ ክፍል ሳለች ስለጨረሰች ቤትም ክፍልም «ፕሮፌሰር» ይሏታል። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ሥራ ሲቀልላት አጠገቧ እየተቀመጠች ሁለት ወር ሙሉ የኦንላይን ትምህርት ቤት ሲያማርጡ ከርመዋል። እናቷ የወደደችው ቀኑን ሙሉ የሚያስተምረውን ነው። ልጅቷ ደግሞ ከመደበኛው ክፍል ሳይወጡ አንድ ትምህርት ብቻ መውሰድ የሚፈቅደውን ወደደች። እስኪስማሙ የትም ላይመዘገቡ ተነጋግረው ነበር። ዛሬም እናቷ «ለመጠየቅ ያህል ነው» ብላ ነው ራሷ ከወደደችው ትምህርት ቤት መምህርት ፊት ያስቀመጠቻት።

መምህርቷ ማንበብ ቀጠለች። «"ፈተና ላይ ትክክለኛውን መልስ እያጠፋሁ የተሳሳተ እጽፋለሁ።" ይህን ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል።»

ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ይህን የነገረችው ለአንዲት ሰው ብቻ ነው፤ አብራት ለምትቀመጠው፣ ከማነሷ የተነሳ ድምቢጥ ለሚሏት ጓደኛዋ። ድምቢጥ ለማንም ላትናገር «እናቴ ትሙት» ብላ ምላላት ነበር።

ንግግሩ እንዳለቀ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባች። እናቷ ከናፍሯ መሐል መርፌዎች ይዛ የቀሚስ ጠርዝ ታጥፍ ነበር።

«እማዬ፣ በስሜ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

እናቷ መርፌዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች። «ብጠይቅሽ እሺ አትይም ነበር። ጊዜው እያለፈ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ተስማምተን ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ድምቢጥ ናት የነገረችሽ?»

«እንዳትቆጪያት። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ።»

ልጅቷ ከክፍሉ ወጣች። ሁለቱ ተቀምጠው ስለ እሷ ሲያወሩ፣ ምናልባትም ሲያዝኑላት፣ ታያት።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ድምቢጥን ደረጃው ሥር አገኘቻት።

«ምለሽልኝ ነበር።»

«አዎ።»

«በቃ? አዎ ብቻ?»

ድምቢጥ ቀና ብላ አየቻት። «ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጣሁ። አባቴ ለሠፈሩ ሁሉ ነው ያወራው። አንቺ ለቀሽልኝ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ስትነግሪኝ ነው።»

«ላንቺ ብዬ አይደለም። ክፍሉ እንዳይጠላኝ ብዬ ነው።»

«ባክሽ አትሸውጂኝ። ሁልጊዜ ከእኔ በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር የምታንሺው። የኔን ወረቀት እያየሽ ነበር አይደል?»

እውነት ነው፣ ፕሮፌሰር ታይ ነበር። ደግ ነገር የሠራች ይመስላትም ነበር።

«ቢያንስ ለእኔ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ለእናቴ ከመንገርሽ በፊት።»

«አንቺስ ከመልቀቅሽ በፊት ነግረሽኛል?» ብላ ድምቢጥ ሄደች። ደወሉ ሲደወል ድምቢጥ አብረው የሚቀመጡበትን ትታ ከኋላ ባዶ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ቀኑ አላልቅ አለ። ልጅቷ በእናቷም በጓደኛዋም ተናዳለች፤ ንዴቷ ግን ትናንት እንደነበረው ንጹሕ አልሆን አላት። ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ኮምፒውተሩን ከፈተች። እናቷ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን ልትጽፊ ነው?»

«ስጨርስ ታነቢዋለሽ። እስከዚያ ብቻዬን ልሁን።»

እናቷ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» ብላ ለመምህርቷ መጻፍ ጀመረች። «የተባለው ነገር ግን እውነት ነው። የምፈልገው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ሌላውን እዚሁ ክፍሌ ውስጥ እማራለሁ። ይህን የማትፈቅዱ ከሆነ የሚፈቅድ ሌላ ትምህርት ቤት አውቃለሁ።»

ከዚያ ጨመረች፦ «በየትኛው የሒሳብ ክፍል እንደምመደብ ፈትናችሁ ወስኑ። አንድም መልስ ሳላጠፋ የምችለውን ሁሉ እሠራለሁ።»