የተከደነው ቧንቧ

በያጁ እንዳልካቸው የሞተው ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ፀሐዩ ሳይጠነክር ነበር። ኢንስፔክተር አዜብ ከአርብ ገበያ ተነሥታ፣ ቆቅ ውሃ የተባለውን ወንዝ በእግሯ ተሻግራ ስትደርስ አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በወደቀበት ተጋድሟል። ነጠላ አልብሰውታል። ነጠላው የሚስቱ የፋንቱ ነው። ፋንቱ ራስጌው ተቀምጣለች፤ አታለቅስም፤ በእጇ ዝንብ ትከላከላለች።

አዜብ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ደረቱን የደቆሰው ከባድ የብረት ክዳን ከጎኑ ወድቋል። ክዳኑ ተፈናጥሮ የወጣበት ረጅም ቧንቧ መቁረጫው እንደነካው፣ ጫፉ ጠቁሮ፣ ከእንጨት መደገፊያው ላይ አለ።

«ጋዝ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ሳጅን ካሴ። «ይህ ብረት ከነዳጅ ጉድጓድ የወጣ ነው። ሆዱ ውስጥ የቀረው ጋዝ የመቁረጫው ብልጭታ ሲነካው ፈነዳ። ብረቱን የሸጠውን ነጋዴ ይዘነዋል።»

«ጋዝ ነው ያለው ማን ነው?»

«ሰው ሁሉ።»

«ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ሰው ካለ በኋላ ነው» አለች አዜብ።

ብረቱ በርግጥ ከነዳጅ ጉድጓድ የወጣ ነበር። ባሕር ማዶ ያረጁ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች ሲዘጉ ከመሬት ሆድ እየተነቀለ የሚሸጥ ወፍራም ቧንቧ ነው፤ ነዳጅ ባይወርድበትም ለምሰሶና ለድልድይ ከአዲስ ብረት አያንስም ይባልለታል። ነጋዴው ጌታነህ በጅቡቲ በኩል ከገባው ገዝቶ፣ አምና በበጋ ቆቅ ውሃ ሲጎድል በከባድ መኪና አሻግሮ ከአጥሩ ሥር አራገፈው። ሕዝቡ ድልድይ ሊሠራበት ነበር። በያጅ ሲፈለግ ክረምት ገባ። በሰኔ መጨረሻ ቆቅ ውሃ ሞልቶ ከትምህርት ቤት የምትመለሰውን ቃልኪዳንን ወሰዳት። ሬሳዋ የተገኘው ታች፣ ሲማዳ ወሰን ላይ ነው። አባቷ ዋለ የድልድዩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋለ ስለ ድልድዩ ካልሆነ አይናገርም፤ እንዳልካቸውንም ከንፋስ መውጫ ድረስ ሄዶ፣ ለምኖ ያመጣው እሱ ነው።

አዜብ ተንበርክካ የስልኳን መብራት ወደ ቧንቧው ውስጥ አበራች። ግድግዳው ጥላሸት ለብሷል። ወደ ውስጥ ክንዷን ሰድዳ የደረቀ ጭቃ ፈርፍራ አወጣች፤ ትናንሽ ክፍሎች ያሉት የተርብ ቤት ነው፣ እሳቱ እንደ ሸክላ ጠብሶታል። ከዚያ ሌላኛውን፣ አሁንም እንደተከደነ ያለውን ጫፍ ካሴ በብሎን መፍቻ እንዲፈታው አደረገች። ክዳኑ ሳያስቸግር ተፈታ። ጥቂት ፈሳሽ ጠብ ጠብ ሲል በመሐረቧ ተቀበለችውና አሸተተች።

«አሽትተው።»

«ቤንዚን!» አለ ካሴ። ዓይኑ በአጥሩ ጥግ ወደተቀመጠው ጄኔሬተርና ወደ ጀሪካኑ ሄደ።

«ለማንም አትንገር።»

ነጋዴው ጌታነህ ከዋርካው ሥር እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የመንደሩ ሰው ራቅ ብሎ ያፈጥበታል።

«ተጣልተናል፣ አልክድም» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ብረቱን ከውስጥ ዝገት በልቶታል አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ እናገራለሁ አለ። ስሜ ነው የሚጠፋው።»

«እና እርስዎ አፉን ዘጉት?»

«ኢንስፔክተር፣ እጄን አያዩትም? ሲፈነዳ ከጎኑ ቆሜ እየተከራከርኩት ነበር! ዋለ እንኳ ‹ና ቤት ቁርስ እንብላ› ብሎ ክንዴን ይዞ ቢጎትተኝ፣ እምቢ አልኩ። ሄጄ ቢሆን ኖሮ እጄ ባልተቃጠለ።»

«ይህን ቧንቧ ሲያመጡት ተከድኖ ነበር?»

«የተከደነ ቧንቧ አልገዛም። በአንዱ ጫፍ ዓይኔን አስጠግቼ በሌላው ሰማይ ካላየሁ አላስጭንም። ክዳኖቹ ለብቻ በጆንያ ነው የመጡት፤ ለኮሚቴው ዕቃ ቤት አስረክቤያለሁ።»

የቅኔ መምህሩን መሪጌታ ቀለመ ወርቅን ከደጀ ሰላሙ አገኘቻቸው። ተማሪዎቻቸው ከኋላ ይንሾካሾካሉ።

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከማን ዘንድ ነው፣ መሪጌታ?»

«አንዱ ከእኔ፣ አንዱ ከዋለ።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጉባኤዬን የምዘረጋው ብረቱ አጠገብ፣ ከአጥሩ ጥላ ነው። ዛሬም እዚያው ተቀምጠን ሳለ ዋለ መጣና ‹የብረቱ ጩኸት ይረብሽዎታል፣ ልጆቹን ይዘው ወደ ውስጥ ይግቡ› አለኝ።»

«ጩኸቱ ዛሬ ነው የጀመረው?»

መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ። «ትናንትም ሲቆርጥ ውሏል፤ ያን ጊዜስ ማንም አላስነሣን። ልጆቹም ያን ብረት ለምደውታል። በሁዳዴ ከውስጡ ተርብ ወጥቶ አንዱን ተማሪዬን ከንፈሩን ነድፎት አፉ አብጦ ከረመ።»

«የትኛው ቧንቧ ነበር?»

«ይኸው የፈነዳው። ከአጥሩ የተጠጋው እሱ ነበር።»

ዋለን ከወንዙ አፋፍ ላይ ቆሞ ውሃውን ሲያይ አገኘችው። ፊቱ ያለቀ፣ ኮቱ የሰፋው ሰው ነው።

«ጋሽ ዋለ፣ ቧንቧው እንዴት ተከደነ?»

«ያ አንዱ ሲመጣም ተከድኖ ነው የመጣው፣ እመቤቴ። ክዳኑ ዝጎ አልፈታ ቢለው ልቁረጠው ብሎ ነው። ሌሎቹ ክፍት ናቸው፤ ምንም አይሉም። መጥፎው እሱ ብቻ ነበር።» ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ፣ «ሌላ በያጅ ከደብረ ታቦር ይገኛል ይባላል። ክረምቱ ሳይገባ» አለ።

አዜብ ተመለሰች። ከፋንቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ቁርሱን ሁልጊዜ እዚሁ አጠገቡ ነው የማቀርብለት። ዛሬ ግን ጋሽ ዋለ ‹ደጊቱን አሟታል፣ ሄደሽ እያት› ብለው ላኩኝ። ደጊቱ ሚስታቸው ናት። ብሄድ ምንም አልሆነችም፤ ጎመን ትቀነጥሳለች። ‹ማን ታመመች አለሽ?› ብላ ሳቀችብኝ። እየተሳሳቅን ሳለን ነው ፍንዳታውን የሰማነው።» እጇ ዝንቡን መከላከል አቆመ። «እየሳቅሁ ነበር እኮ።»

ከሰዓት በኋላ አዜብ ሁሉንም ከአጥሩ ሥር ሰበሰበቻቸው። ጌታነህ በካሴ ጎን፣ መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ፋንቱና ደጊቱ ጎን ለጎን፣ ዋለ ከፊት። የመንደሩ ሰው ከኋላ ከቧቸዋል።

«እንዳልካቸውን የገደለው ከጉድጓድ የመጣ ጋዝ አይደለም» ብላ ጀመረች። «በዚህ ቧንቧ ውስጥ ተርብ ቤቱን ሠርቷል። መሪጌታ እንዳሉት በሁዳዴ ይገባ ይወጣ ነበር። ተርብ የሚገባበት ጋዝ አይዝም። ስለዚህ ቧንቧው ከሁዳዴ ወዲህ ነው የተከደነ። ከሌላኛው ጫፍ ደግሞ ቤንዚን ተንጠባጥቧል፤ ከጄኔሬተሩ ጀሪካን የተቀዳ። አንድ ሰው አውቆ ቤንዚን ጨመረበት፣ ሁለቱን ጫፍ ከደነ፤ እንዳልካቸው ክዳኑ ለአቧራ የተደረገ መስሎት ይሆናል የቆረጠው።»

ሕዝቡ ወደ ጌታነህ ዞረ። አንዱ ድንጋይ አነሣ።

«ድንጋዩን ጣል» አለችው አዜብ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ጌታነህ ምክንያት ነበረው፤ ክዳኖቹ ያሉበትን ዕቃ ቤት ግን መክፈት አይችልም። ደግሞም ሊፈነዳ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከአጠገቡ ቆሞ አይከራከርም። ቁልፉ ከሁለት ሰው ዘንድ ነው። መሪጌታ እንደሚፈነዳ ቢያውቁ ልጆቹን ራሳቸው ባስነሡ፤ እሳቸው ግን ሌላ ሰው እስኪያስነሣቸው ድረስ ጉባኤያቸውን እዚያው ዘርግተው ነበር።»

መሪጌታ ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ ዋለ መለሱ።

«ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰው ስለ ጋሽ ዋለ ደግነት ነገረኝ» አለች አዜብ። «ለመሪጌታ ጩኸቱ እንዳይረብሻቸው አሰቡ። ጌታነህን ቁርስ ጋበዙ። ፋንቱን ያልታመመች ሴት እንድትጠይቅ ላኩ። ከዚህ አጥር ሥር ሁሉንም ሰው አስነሡ፤ ያላስነሡት አንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ‹ተከድኖ ነው የመጣው፣ ዝጎ አልፈታ ብሎ ነው› አሉኝ። ካሴ ክዳኑን ሲፈታው ግን አላስቸገረውም። ጋሽ ዋለ፣ የተሳሳትኩት አለ?»

ዋለ ወደ ወንዙ ዞረ። ደጊቱ በስሙ ጠራችው፤ አላያትም።

«ሌላ ሰው እንዲሞት አልፈለግሁም» አለ በመጨረሻ። «ትናንት አመሻሽ ላይ እንዳልካቸው ከጌታነህ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማሁ። ‹ውስጡ ተበልቷል፣ እሑድ እናገራለሁ› ሲል ሰማሁ። ሕዝቡ ይህን ከሰማ ማን ድንጋይ ይሸከማል? ማን ብረቱን ይነካል? ድልድዩ ቀረ ማለት ነው። ልጄን ከወሰደ በኋላ ወንዙ ደግሞ የማንን ይወስድ? የቀረው እንቅፋት የእንዳልካቸው አፍ ብቻ ነበር። እሱ ዝም ካለ፣ ሌላ በያጅ መጥቶ…»

«ሌላ በያጅ መጥቶ በተበላ ብረት ድልድይ ይሠራ?» አለች አዜብ። «ሕፃናት ሊሄዱበት?»

የዋለ ዓይን ወደ አስከሬኑ ሄደ።

ፋንቱ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቀስ ብላ መጥታ ከፊቱ ቆመች።

«እስከ መጨረሻው ሰምተኸው ነበር?» ‹አንተ› አለችው፤ ጠዋት አንቱ ስትለው የነበረውን ሰው። «ሁሉም አልተበላም። ትናንት እየቆረጠ ደህናውን ከመጥፎው ሲለይ ነው የዋለው። ‹መኪና አያሻግርም እንጂ ሰውና አህያ ያሻግራል› አለኝ። ‹መሀሉ ላይ አንድ የድንጋይ ምሰሶ ከጨመሩበት በቂ ነው፤ እሑድ ሕዝቡን ምሰሶ እንዲሠራልኝ እለምናለሁ› አለኝ። ክረምት ሳይገባ ሊጨርስልህ ነበር። የልጅህን ነገር አንሥቶ አልቅሶ ነው የተኛው።»

ዋለ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ማንም አላነሣውም። ደጊቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ስትሄድም ወደ ኋላ አላየችም።

ወደ አርብ ገበያ ለመመለስ ሲነሡ ላይ ጋይንት በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ዘንቧል፤ ቆቅ ውሃ ደፍርሶ እስከ ጭን ደርሷል። ከፊት ካሴ፣ ዋለ በካቴና፣ አዜብ ከጎኑ፤ ከኋላ አስከሬኑን በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎችና ፋንቱ። ካሴ ሁለት እርምጃ ገብቶ ተንሸራተተና ድንጋይ ይዞ ተረፈ።

«በዚያ አይደለም» አለ ዋለ። «እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ። በእኔ በኩል ኑ።»

አዜብ አየችው። ከዚያ ካሴን ወደ ኋላ አድርጋ ዋለን ከፊት አስቀደመችው። የታሰሩ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በእግሩ ድንጋዩን እየዳሰሰ ገባ። መሀል ላይ ሲደርስ ቆሞ ዞረ፤ ለተሸካሚዎቹ እግራቸውን የሚያሳርፉበትን አንድ በአንድ ይነግራቸው ጀመር። «ግራህን ጠፍጣፋው ላይ። ቆይ፣ ማዕበሉ ይለፍ። አሁን።» ፋንቱ ስትደርስበት ለእሷም እንደዚያው ነገራት፤ ፊቱን ሳታይ ድምፁን ተከትላ አለፈች።

ማዶ ሲወጡ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አሳርፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እግዜር ይስጥህ፣ ዋለ» አለ አንደኛው፣ ከልማድ።

ዋለ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ፋንቱ የቀሚሷን ጫፍ መጭመቋን ትታ ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አፉን ዘጋ።