እመት ለቀም

«ፈጠራ ነው» ልትሉ ካሰባችሁ ከአሁኑ እለፉት። እውነት ነው። የሆነውም ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኛው ቤት ኮሪደር ውስጥ ነው።

ደግሞ ፈሪ አይደለሁም። እኛ ቤት ጭንቅላት የተሰጠው ለእኔ ብቻ ነው።

አባዬን ተመልከቱ። ቢሮ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ሰው ተነስቶ ሰላም ይለዋል። አንድ እግር ካልሲ ሲጠፋበት ግን ምን ይላል?

«እመት ለቀም ወስዳው ነው።»

እመት ለቀም ወፍ ናት። የትም የለችም፣ አባዬ የፈጠራት ናት። ማንኪያ ሲጠፋ እሷ፣ ቁልፍ ሲጠፋ እሷ። እማዬ ከተጋቡ ጀምሮ በዚችው ቀልድ ትስቃለች። ሚጢጢ የምንላት ታናሽ እህቴማ ወለል ላይ ትንከባለላለች።

አንድ ቀልድ... ለዚያውም ድርቅ ያለ።

ስለዚህ ወፊቱን ላዋርዳት ቆረጥኩ። ከአጥሩ የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም አመጣሁና ኮሪደሩ ውስጥ ባለው የዕቃ ቤት በር ላይ ሳልኳት። ቁልፉ ከጠፋ ወዲህ ተከፍቶ የማያውቅ በር ነው። የዶሮ እግር፣ የግመል አንገት፣ የአባዬ አፍንጫ ሰጠኋት። ሆዷን እንደ መስኮት ክፍት አድርጌ ሦስት ነገር ከተትኩበት፦ ካልሲ፣ ማንኪያ፣ ቁልፍ።

ሦስት። ልብ በሉ።

ሚጢጢ ከኋላዬ ቆማ ትነዘንዘኛለች።

«እኔም ልቀባ... ትንሽ ብቻ...»

«ሂጂ ወዲያ። እመት ለቀም ትውሰድሽ።»



ብሩሼን አጥቤ ስመለስ የወፊቱ ሆድ ውስጥ አራተኛ ነገር አለ።

የሚጢጢ የፀጉር ማስያዣ። ቢጫ።

እኔ ቢጫ ቀለም የለኝም።

ነካሁት። እኔ የሳልኩት ካልሲ ገና ይንጠባጠባል... እሱ ግን ከዓመት በፊት የተቀባ ይመስል ደርቋል።

«ሚጢጢ?»

...

«አንቺ፣ እንደ አባዬ ደረቅ ቀልድ አትቀልጂብኝ። ውጪ።»

አልጋ ሥር የለችም። ጓሮ የለችም። ጫማዋ ግን የውጪው በር ላይ ነው።

ሳሎን እማዬና አባዬ ምሳ ያቀራርባሉ።

«ሚጢጢን አይታችኋታል?»

«እመት ለቀም ወስዳት ይሆናል» አለ አባዬ። ተሳሳቁ።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። አምስተኛ ነገር አለ።

ትንሽ እጅ... መዳፏ ወደ እኔ... መስታወት ላይ የተለጠፈች ይመስል።

ተንበረከክኩ። አዎ፣ እኔው። ራሴ የሳልኩት የአባዬ አፍንጫ ሥር ሆኜ በሹክሹክታ ለመንኳት።

«እሷን መልሺልኝ። ሌላ የፈለግሽውን ውሰጂ።»

በሩ ከውስጥ ሁለቴ ተንኳኳ።

ተከፈተ።

ሚጢጢ ወጣች። ፀጉሯ ተፈቷል።

«የት ነበርሽ?»

«ውስጥ።»

«ማን ከፈተልሽ?»

«ራሷ። አንቺ ጠርተሻት የለ?»

በሩን ከኋላዋ ዘጋችና በባዶ እግሯ ወደ ሳሎን ሄደች። ልከተላት ስነሳ ግንባሬ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። ምንም አይታይም። በመዳፌ ገፋሁት... ቀዝቃዛ ነው። ቀለም ቀለም ይሸታል። አጠገቤ ካልሲ ይንጠባጠባል።

ቀና አልኩ። ከላዬ የአባዬ አፍንጫ።

ከኮሪደሩ ጫፍ ጠረጴዛው ይታየኛል። አራት ነበርን። ሳህኑ ግን ሦስት ነው።

«የእኔ ሳህንስ?» ብዬ ጮህኩ።

አባዬ ወደ በሩ ዞሮ አፍጥጦ አየኝ። ሳቀ።

«አይ እመት ለቀም፣ ዛሬስ አንዲት ልጅ ከነተከፈተ አፏ ነው የዋጠችው። ልጅቷ የራባት አትመስልም?»

ሚጢጢ ከሳህኗ ቀና አላለችም።

«ተዋት አባዬ። ሥዕል አይበላም።»