ጥላ የሚጠፋበት ሰዓት

አድነው በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። ያገባሁትም በዚሁ ምክንያት ነው ብል ማንም አያምነኝም።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ ናይሮቢ ካሳራኒ በሚገኝ የአበሾች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ለስደተኛ ልጆች ሳይንስ አስተምር ነበር። ቤተ ሙከራ የለን፣ መጽሐፍ የለን፤ ፀሐይ ግን ነበረችን። ሐሙስ ሐሙስ አድነው ፓርክላንድስ ከሚሠራበት ምግብ ቤት የልጆቹን ምሳ በማታቱ፣ በከተማው ሚኒባስ፣ ያመጣል። ሁልጊዜ ያረፍዳል፤ እኔም ሁልጊዜ እቆጣለሁ።

አንድ ሰሞን የመጥረጊያ እንጨት ግቢው ውስጥ ተክለን ጥላውን በየቀኑ ስንለካ ከረምን። «የደመራ ዕለት፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ይጠፋል» ብዬ ለልጆቹ ቃል ገባሁ።

ቀኑ ደረሰ። ሐሙስ ነበር።

«ቲቸር፣ ሳ ሲታ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ጥላው ግን አለ» አለኝ ቶሎሳ የሚባለው ተማሪዬ።

እውነቱን ነው፤ ስንዝር የማይሞላ ጥላ መሬቱ ላይ ተጋድሟል። ልጆቹ ተሳሳቁ። አፈርኩና ወደ ክፍል መለስኳቸው።

ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ አድነው ድስቱን ታቅፎ ገባ።

«ዛሬም አረፈድክ?» ብዬ ጮህኩበት።

«መንገዱ ጃም ነበር፣ ቲቸር ወርቂቱ።»

ድስቱን እንጨቱ አጠገብ አስቀመጠ። መሬቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«ጥላው የታለ?»

አልነበረም። ልጆቹ እየጮሁ ወጡ። ለካስ የኬንያ ሰዓት የተቀመረው ከናይሮቢ በስተ ምሥራቅ ርቆ ላለ ቦታ ኖሯል፤ ፀሐይ እኛ አናት ላይ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። ይህን ስነግረው ፈገግ አለ።

«እንግዲያው እኔ ከፀሐይ እኩል ነው የደረስኩት» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስን ከሰኞ ጀምሬ እጠብቅ ጀመር። ወደድኩት፤ እሱም ወደደኝ።

በዓመቱ ግንቦት ላይ የቤተሰባችን ወደ አውስትራሊያ የመሄጃ ፕሮሰስ አለቀ። አድነውን ካገባሁ ስሜ ከፋይሉ ይወጣል፤ እናቴና ታናሽ ወንድሜ ያለ እኔ ይሄዳሉ።

እናቴ ስታለቅስ ሰነበተችና ቁርጡን ነገረችኝ። «ከልቡ ከፈለገሽ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሽማግሌ ይላክ። ካልላከ ሰኞ የጉዞውን ወረቀት አብረሽን ትፈርሚያለሽ። ለወላወለ ወንድ ጥዬሽ አልሄድም።»

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሆነ። ማንም የለም። እማዬ የእጅ ሰዓቷን አየች።

«ይኸው» አለች።

«ገና ነው፣ እማዬ።»

«ምኑ ነው ገና?»

እጇን ይዤ ወደ ደጅ አወጣኋትና መጥረጊያውን መሬት ላይ ተከልኩ። «ጥላው ማጠሩን እስኪያቆም ጠብቂልኝ። የፀሐይ ስድስት ሰዓት ያኔ ነው፤ እስከዚያ ሽማግሌ ካልመጣ እፈርማለሁ።»

 እናቴ አጠገቤ ቆመች። ፀሐዩ ሲበረታ ጃንጥላዋን አምጥታ እኔ ላይ ዘረጋችው። እያንዳንዷ ደቂቃ አንድ ዓመት ሆነችብኝ።

ጥላው ከአንድ ጣት በላይ የሚያጥር አይመስልም ነበር፣ የግቢው በር ሲንኳኳ። የምግብ ቤቱ ባለቤት አቶ ካሣሁን ከሌላ ሽማግሌ ጋር ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ።

«ይቅርታ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ…»

ሁለት ማታቱ አቀያይሮ ያመጣቸው አድነው እንደ ወጉ ከበሩ ውጭ ቀርቷል። አንገቱን አስግጎ መጥረጊያውን ሲያይ ግን እናቴ አየችው። ሳቋ አመለጣት።

ነሐሴ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ፣ እማዬ ሰዓቷን ከእጇ ፈታች። ሃያ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ መለሰችውና አድነው ክንድ ላይ፣ የመጨረሻዋ ቀዳዳ ላይ አሰረችለት።

«በዚህ ሂድ፣ ልጄ» አለችው። «ከእንግዲህ አረፈደ ብላ እንዳትቆጣህ።»

ዳግመኛ አላየኋትም። ከአራት ዓመት በኋላ እዚያው አውስትራሊያ አረፈች።

አድነው ዛሬም ያረፍዳል። ያ ሰዓትም ሃያ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ እንደሆነ አለ፤ አንዳችንም አስተካክለነው አናውቅም።