በቡኒው ክምር ሥር

ፖሊሶች የኪርፓል ሳንዱን ሬሳ ከአቧራው ክምር ውስጥ በአካፋ ቆፍረው ሲያወጡት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ባለፋብሪካው ከጢሙ እስከ ጫማው ቡኒ ሆኗል። የማንዲ ጎቢንድጋር ከተማ ብረት ማቅለጫዎች ከጭሳቸው የሚያጠሉትን አቧራ ወደ እሱ ግቢ ይልኩ ነበር፤ እሱ በምድጃ አቃጥሎ ነጩን የዚንክ ዱቄት ያወጣበታል።

«ክምሩ ተደርምሶበት ነው» አለ ዴቪንደር፣ የሟቹ ሚስት ወንድምና የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ። «አጠገቡ አትቁም ብዬ አፌ እስኪደርቅ ነግሬዋለሁ።»

ኢንስፔክተር ፓርሚንደር ካውር ተንበርክካ የመሐረቧን ጫፍ ወደ ሟቹ አፍንጫ ሰደደች። ሲወጣ ነጭ ዱቄት ይዞ ነበር። አፉንም ከፍታ አየች፤ ነጭ።

ሠራተኛው በሙሉ ለበዓሉ ወደ ቤተ ጸሎት ሄዶ ስለነበር ከኪርፓል ሌላ ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የላቦራቶሪዋን ኒሊማን ጠየቀቻት።

«ትናንት ከጌታው ጋር ተጯጩሃችኋል አሉ። በምን ነበር?»

ኒሊማ ዴቪንደርን በጎን አየችው። «በሥራ ጉዳይ።»

«ዛሬስ?»

«ከላቦራቶሪ አልወጣሁም። ስድስት ተኩል ገደማ ግን አቧራ የሚዝቀው ሎደር መኪና ሲያጓራ ሰምቻለሁ።»

«እኔን እንዳታዩኝ!» አለ ዴቪንደር። «የራሴን መኪና እንኳ የሚነዳልኝ ሾፌር ነው።»

የምድጃው ኃላፊ፣ ሎደሩንም የሚነዳው ናሲብ ሲንግ ጀርባው የሰፋ፣ ስልሳውን ያለፈ ሽማግሌ ነው። የለበሰው ልብስ ገና የታጠበ ነው።

«አባባ፣ አምሮብዎታል።»

«በበዓል ያልታጠበ ሰው መቼ ሊታጠብ ነው፣ ልጄ?»

«እኩለ ቀን ላይ የት ነበሩ?»

«ከምድጃዬ ንቅንቅ አላልኩም።»

ፓርሚንደር ላብ የጠጣውን ሰማያዊ ጥምጥሙን ትንሽ አየት አደረገችና ሦስቱንም ወደ ቢሮው ጠራቻቸው።

«በቡኒ አቧራ የታፈነ ሰው የሚስበው ቡኒ ነው» አለች። «ኪርፓል የሳበው ነጭ ነው። ስለዚህ የሞተው ነጩ ዱቄት ባለበት መጋዘን ነው፤ ክምሩ የተናደበት ከሞተ በኋላ ነው። ሬሳውን ክምሩ ጋ አድርሶ ያን ሁሉ አቧራ የሚያለብሰው ሎደር ነው። ከሦስታችሁ ሎደር የሚነዳው አንድ ሰው ነው። እሱም ከምድጃዬ ንቅንቅ አላልኩም እያለኝ፣ ታጥቦ ልብስ ቀይሯል። ጥምጥሙን ግን አልቀየረም።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ጥምጥም የእምነት ክብር ነው፤ እኔ ደፍሬ እጄን አላሳርፍበትም። እርስዎ ራስዎ ይፍቱት።»

ናሲብ ቀስ ብሎ ፈታው። ከየእጥፋቱ ነጭ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ረገፈ።

«ዱቄቱ ረጥቧል ብዬ ጠራሁት፤ ከላይ ሆኜ የዱቄቱን ማጠራቀሚያ መልቀቂያ ከፈትኩበት» አለ። «የልጅ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ስሙን መጻፍ አቅቶታል። ሐኪሙ በደሙ ውስጥ የእርሳስ መርዝ አለ አለን። ከየት መጣ? ጌታው ቤታችን ሥር ከደለደለልን የምድጃ ጥራጊ! ሲታፈን ቆሜ አየሁት። አሁንም አልበረደልኝም።»

«አባባ፣ ምን አደረጉ!» ኒሊማ ጮኸች። «ትናንት የሠራተኞቹን ቤቶች አፈር መርምሬ ሳሳየው አላምን ብሎ ጮኸብኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ራሱ አስጠርቶኝ፣ ‹ከነገ ጀምሮ ቤቶቹ ይነሡ፣ አፈሩ ይውጣ› አለኝ። ጥራጊው የት እንደተደፋ አያውቅም ነበር።» ጣቷን ወደ ዴቪንደር ቀሰረች። «እዚያ እንዲደለደል ያዘዘው ይሄ ነው። ፊርማው ያለበት ወረቀት እኔ ጋ አለ። እስካሁን ያልተናገርኩት ፈርቼው ነው።»

ዴቪንደር ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለችው ፓርሚንደር።

የተፈታው ጨርቅ የናሲብ ጉልበት ላይ ተዝረክርኳል። እሱ ዴቪንደርን ከጫማው እስከ ግንባሩ አየው።

«ልጄ» አላት፣ እጆቹን ለካቴናው እየዘረጋ፣ «ለእኔና ለዚህ ሰውዬ አንድ መኪና ይበቃናል።»

ፓርሚንደር የሽማግሌው ዓይን ከዴቪንደር አለመነቀሉን አየችና ሁለት መኪና አዘዘች።