ተልባ የማያሽረው

የአባቷ ጨጓራ ጥቁር ስክሪን ላይ ብቻውን ተንሳፍፏል። ዶክተር ያደታ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ሰው ሲጠሩት ዞር እንደሚለው። ዙለይካ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«ኮምፒውተሩ ከሲቲ ስካኑ ምስሎች ገጣጥሞ የሠራው ነው» አለ ዶክተሩ። «ቀያዮቹ የደም ሥሮች ናቸው። ይቺ ቢጫዋ ካንሰሯ ናት። ሆዳቸውን በሰፊው አንከፍትም፤ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተን ነው የምናወጣት። እጃችን ስለማይገባ መንገዱን አስቀድመን እዚህ እናጠናዋለን።»

አንዴ ጠቅ ሲያደርግ ውስጡ ገቡ። ድምፅ የሌለው፣ ደረቅ ዋሻ። በዚያው ቅጽበት አባቷ አብዱናሲር ኮሪደሩ ላይ ሲያስል ተሰማ። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን ንቅንቅ አላለም። ጉድ እኮ ነው! የአባቷ ሆድ ነው፣ አባቷ ግን የለበትም። ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

«ነገ ጠዋት ለኦፕራሲዮኑ ፊርማ ሲመጡ እውነቱን ማወቅ አለባቸው» አለ ዶክተሩ።

አብሯት የገባው አጎቷ ጠሃ እሺ እሺ ብሎ ወጣና በሩ ላይ ክንዷን ያዘ። «ትንፍሽ እንዳትዪ! ጨጓራ ነው ብለነዋል፣ በቃ ጨጓራ ነው። ካንሰር የሚለውን ከሰማ በድንጋጤ ነው የሚሞተው። እናትሽም ተስማምታለች።»

ከሰዓት በኋላ አቧራ ያዘለው የአዳማ ንፋስ የግቢውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። አብዱናሲር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ተልባውን ይጠጣል። ዙለይካ ሸሚዙን ማየት አቃታት። ከቁልፎቹ ሥር ያ ነገር ቀስ ብሎ ሲዞር ይታያታል። በዋጠ ቁጥር ተልባው የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ ቢጫዋን የት እንደሚነካት ታውቃለች።

«ነገ አልሄድም» አለ አባቷ። «ለጨጓራ ብሎ ማን ይቀደዳል? መቂ ቲማቲም ተለቅሞ አይሱዙዬን እየጠበቀ ነው። እኔን ተልባዬ ይበቃኛል።»

ዙለይካ የቤቱ በር ላይ የቆመውን አጎቷን አየችው።

«ቀስ ብለን እናግባባዋለን» አላት በሹክሹክታ፣ ጫማውን እያጠለቀ። «አስር ሶላት ሰግጄ መጣሁ።»

ንድድ አላት። ቀስ ብለን? በውሸታቸው እኮ ነው እንቢ ያለው! ደግሞም ፈራች፤ አጎቷ እንዳለው በድንጋጤ ክልትው ቢልባትስ? የግቢው በር ተዘጋ። ንፋሱም ድንገት ጸጥ አለ፣ የአባቷ ጉሮሮ ሲውጥ ብቻ ይሰማል።

«አባ» አለች። ድምጿ የእሷ አልመስል አላት። «ጨጓራ አይደለም። ካንሰር ነው። አሁን ከወጣች ተስፋ አለው ብሏል ዶክተሩ።»

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አዎ።»

«ጠሃም?»

«አዎ።»

«እኔ ብቻ ነኛ ያልሰማሁት!» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ እጇን ስቦ ሸሚዙ ላይ አደረገው። «የቱ ጋ ናት ዙሌ?»

ጣቷን ከግራ ጎድኑ ሥር አሳረፈችው። ሆዱ ይሞቃል፤ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

«እዚህ» አለችው፣ ጣቷን ሳታነሳ።