የተቆረጠችው ጎንጉን

በመካ፣ መንሱር ሰፈር፣ ከአንድ ያረጀ ሕንፃ ጣሪያ ላይ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሀሲና የምትባል የወሎ ሴት ትኖር ነበር። ክፍሏ ሁለት ፍራሽ ብቻ ታስገባለች፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የአገሯ ልጅ የረሺዳ። ሁለቱም ጧት ጧት ሚስፈላ ወደሚባለው ሰፈር ወርደው የሐጃጆች ማረፊያ ቤት አንሶላ ያጥባሉ። አቤት ያ አንሶላ! ከዓለም ዳርቻ ሁሉ የመጣ እንግዳ የተኛበት፣ ያለቀሰበት፣ ለልጆቹ ዱዓ ያደረገበት... ሀሲና እያንዳንዱን አጥባ፣ አስጥታ፣ አጥፋ ትደረድራለች። ለማታውቀው ሰው መኝታ ስታሳምር የምትውለው ይህች እናት ግን የገዛ ልጇን አንጥፋ ካስተኛች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት! ልጅ ጥርሷን ነቅላ፣ ጥርስ አብቅላ፣ ፊደል ቆጥራ፣ ቁመቷ ከበሩ መቃን የሚደርስበት ዘመን እኮ ነው። ይህን ሁሉ ሀሲና ያየችው መዳፍ በምታህል የስልክ መስታወት ብቻ ነው።

ገና አገሯ ወሎ፣ ሐርቡ ሳለች ባሏ ረሺድ በጀልባ ባሕር ሊሻገር ወጥቶ በዚያው ቀረ። መቃብር የሌለው ሰው ሐዘኑ መቼ ያልቃል? ሀሲና በሃያ አንድ ዓመቷ የአራት ዓመት ልጇን ኢክራምን ለታላቅ እህቷ ለሳሊማ ሰጥታ ለቤት ሠራተኝነት ተነሣች። ኢክራም አንድ ልማድ ነበራት፤ የእናቷን አንዲት ጎንጉን በጣቷ ካልጠመጠመች እንቅልፍ አይወስዳትም። የተለያዩ ዕለት ሀሲና የተኛችውን ልጇን ጣቶች ከፀጉሯ ላይ አንድ በአንድ ፈልቅቃ ነው የወጣችው። ጣቱስ ተፈለቀቀ... ልብ ይፈለቀቃል ወይ?

ዓመታት አለፉና ሳሊማም ታማ ሞተች። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ኢክራም ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ሀሲና ልመለስ ብትል ሁለቱም የሚበሉት የለ፤ ልተዋት ብትል አንጀቷ አልችል አለ። «ልጄን አምጡልኝ» ብላ ለደላላ ደወለች። ደላላው በስልክ ሳቀ።

«ከሃያ አራት በታች አይቀበሉም። ሃያ አምስት እንላታለን፤ ማን ይጠይቃል?»

የስንቷ የአገራችን ልጅ ዕድሜ እንዲህ በአንድ ብዕር ጎረመሰ! የሀሲናም የራሷ ፓስፖርት ሲወጣ አራት ዓመት ተጨምሮበት ነበር፤ በወረቀት ሠላሳ ስድስት ናት። እንግዲህ አስሉት፤ በመንግሥት ማኅተም ሀሲና ልጇን የወለደቻት በአሥራ አንድ ዓመቷ ሆነ። ማን ያምናል?

«ልጄ፣ እዚህ ስትመጭ ሰው ፊት እማዬ እንዳትይኝ» አለቻት በስልክ። «እትዬ በይኝ። ወረቀቱ ያጋልጠናል።»

«እሺ። ቤት ስንገባስ?»

«የት ቤት አለን፣ የኔ ዓለም...»

ሌላም የሚያስፈራ ነገር ነበር። ሀሲና ከመጀመሪያው ከፊሏ፣ ከአሠሪዋ፣ ቤት አምልጣ ስለወጣች «ሁሩብ» ተብላለች፤ ስሟ ከኮብላዮች መዝገብ ሰፍሯል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላት። ፖሊስ ከያዛት እስርና ወደ አገር መባረር ነው። ኢክራም ይህን ከእናቷ አንደበት ሰማችና በልቧ ቋጠረችው። ልጅ በልቡ የቋጠረውን ማን ይፈታዋል?

ኢክራም ጅዳ ገባች፤ አራስ ማዳም ቤት፣ ሕፃን ልትይዝ። ከጅዳ መካ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሆኖም እናትና ልጅ ዘጠኝ ወር ሙሉ አልተያዩም። የኢክራምን ስልክ ማዳም ይዛዋለች። መልእክት የምታመላልሰው አልጋነሽ ነበረች፤ እዚያው ጅዳ፣ ካራንቲና ሰፈር የምትኖር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ያንን ቤት ልታጸዳ የምትመጣ የጎጃም ሴት። «ሀሲናዬ፣ አንች ካዕባው ጥግ ነሽና ለእኔም ለምኝልኝ፤ እኔማ በእመቤቴ ብዬ ብማጠን ክርስቲያን ነሽ ብለው መካ ኬላው ላይ ይመልሱኛል» እያለች ታስቃት ነበር።

በረመዳን የማዳም ቤተሰብ ለዑምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ መካ መጣ፤ ሕፃኑን ልትይዝ ኢክራምም አብራ መጣች። አልጋነሽ የሐረም መስጊዱን በርም ሰዓቱንም ለሀሲና አስቀድማ ነግራታለች። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት እንዳበቃ ሀሲና በሴቶች መስገጃ ከአንዲት ረጅም ልጃገረድ አጠገብ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቅንድቧ ላይ ባለው ጠባሳ አወቀቻት፤ በሦስት ዓመቷ ወድቃ ያገኘችው ጠባሳ! አልተቃቀፉም። ማዳም ሕፃኑን ታቅፋ ከኋላቸው ሦስተኛው ሰልፍ ላይ ናት። ሁለቱም ወደ ካዕባው እያዩ፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ዚክር የሚያደርጉ መስለው አወሩ።

«እትዬ።»

«አቤት ልጄ።»

«ልጄ አትበይኝ፤ ማዳም አለች።»

«አማርኛ የት ታውቅና! ... አድገሻል።»

«አንች ደግሞ አጥረሻል። በስልክ ረጅም ነበርሽ።»

ሀሲና ሳቀች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ዕንባ ሆነ። ከፊታቸው ዑምራቸውን የጨረሱ ሴቶች፣ እንደ ሥርዓቱ ከፀጉራቸው ጫፍ የጣት አንጓ ያህል ሊቆርጡ፣ አንዲት ትንሽ መቀስ ይቀባበሉ ነበር። መቀሷ ከእጅ እጅ ዞራ ሀሲና ዘንድ ደረሰች።

«ያችን ጎንጉን ስጭኝ» አለች ኢክራም፣ አሁንም ወደ ፊት እያየች። «እዚያ ቤት እንቅልፍ የለኝም።»

ሌሎቹ የጣት አንጓ ቆረጡ። ሀሲና ግን እጇን ከሻሿ ሥር አስገባችና ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለችውን ጎንጉን ከሥሯ ቆረጠቻት! ከሻሿ ጫፍ በቀደደችው ጨርቅ ጠቅልላ፣ በጥቁር ክር አስራ፣ ጉልበቷ ሥር አሾለከችላት። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት ግንኙነት ሩብ ሰዓት አልሞላም።

ሁለት ወር አለፈ። የማዳም ሕፃን ታመመ፤ ትኩሳቱ አልበርድ፣ ለቅሶው አልቆም አለ። ማዳምም እናት ናት፤ የፈራች እናት ደግሞ የማትጠረጥረው የላትም። የሠራተኛዋን ፍራሽ ገለበጠች... በጥቁር ክር የታሰረ የሴት ፀጉር! «ሲህር!» ብላ ጮኸች። ድግምት! በዚያ አገር ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ክስ ነው። ፖሊስ መጣና ፀጉሩ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ኢክራም ዝም አለች። የእናቴ ነው ብትል «እናትሽ የት ናት?» ይሏታላ! ዛሬም ዝም፣ ነገም ዝም፤ ዝምታዋ ጥፋቷን እንዳመነች ተቆጠረባት። ፓስፖርቷ ሃያ ስድስት ይላልና ከአዋቂ እስረኞች ጋር አስገቧት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር...

አልጋነሽ ስልክ ደወለች።

«ሀሲናዬ፣ ቁጭ ብለሻል?»

«አንሶላ እያሰጣሁ ነው፤ ምነው?»

«ቁጭ በይ፣ በእመቤቴ!»

ሀሲና ሁሉን ሰማች። እርጥቡ አንሶላ ከእጇ ወርዶ አቧራ ላይ ተነጠፈ። ኢክራም ሕፃን ሆና ለእንቅልፍ የያዘቻት ጎንጉን፣ ዛሬ ለአንገቷ ገመድ ልትሆን ነው! ለዚህ ነበር ያስመጣኋት? ለዚህ ነበር ዕድሜዋን ያስረዘምሁት?

ረሺዳ በሩን ዘግታ ቆመች።

«ሁሩብ ያለብሽ ሴት በእግርሽ ፖሊስ ዘንድ? አብደሻል! ጠበቃ ይፈለግ፣ ሽማግሌ ይላክ...»

«ፀጉሩ የጠበቃ ነው? የሽማግሌ ነው? የእኔ ነው ረሺዳ።»

«ይሰዱሻል እኮ! እሷን ጥለሽ ነው የምትሄጅው።»

«አንዴ ስትተኛ ጥያት ወጥቻለሁ። አሁን ነቅታለች። በሩን ልቀቂልኝ እህቴ።»

ረሺዳ በሩን ለቀቀች። ራሷን በጉልበቷ ውስጥ ቀብራ «አብሽሪ... አላህ አለ» ብቻ አለች። ሀሲና ሐረም ሄዳ ካዕባውን ሰባት ዙር ዞረች። እስከ ዛሬ ስትለምን «አገናኘን» ነበር የምትለው። ያን ቀን ግን «ብንለያይም እሷን አውጣት» አለች። አቤት፣ ለእናት ከዚህ የከበደ ዱዓ አለ?

ጅዳ ስትደርስ አልጋነሽ ከካራንቲና መንገድ ዳር ጠብቃ ተቀበለቻት፤ ክንዷን ይዛ እስከ ፖሊስ መሥሪያ ቤቱ በር ሸኘቻት። ከዚያ ወዲያ መግባት አልተፈቀደላትም። «ይኸው፣ እዚህም በሩ ላይ ቀረሁ» አለች፤ ቀልዷ ግን የገዛ አፏን አላሳቀውም።

በምርመራው ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት መርማሪና ሀምዳን የሚባል፣ ጅዳ ተወልዶ ያደገ ሐበሻ አስተርጓሚ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ጎንጉኗ በላስቲክ ታሽጋ ተቀምጣለች። ኢክራምን አስገቧት። ከስታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እናቷን ስታይ ዓይኗ ለአፍታ በራ፤ ወዲያው ራሷ አጠፋችው።

«ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?» ሲል ሀምዳን የመርማሪዋን ጥያቄ አደረሰ።

«አላውቃትም።»

ሀሲና ወደ ልጇ ዞረች።

«ኢክራም፣ በቃ ልጄ...»

«አላውቃትም አልሁ እኮ!» ልጅቱ ጮኸች። «ትሂድ! በሩ ክፍት ነው፣ ለምን አትሄድም?»

ያስተማረቻት እሷ ራሷ አይደለችም? እማዬ እንዳትይኝ ብላ፣ ክህደትን ቃል በቃል ያስጠናቻት? ልጅ ትምህርቷን እንዲህ ጠንቅቃ ስትወጣ ያየች እናት ምን ትበል! መርማሪዋ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን አስተያየችና ፊቷን አጠቆረች።

«በዚህ ወረቀት በአሥራ አንድ ዓመትሽ ነው የወለድሻት። ትቀልጃለሽ?»

ሀሲና አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ በአንሶላ እጥበት በለመደችው ዓረብኛ መለሰች።

«ወረቀቱ ውሸት ነው፤ የእሷም የእኔም። ያስጻፍሁት እኔ ነኝ። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔም ኢቃማ የለኝም፣ እሰሩኝ። ግን ይህ ፀጉር ድግምት አይደለም። ያለሱ አትተኛም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትተኛም። ሰውየው ፊቱን ያዙርልኝ።»

ሀምዳን ወደ ግድግዳው ዞረ። ሀሲና ሻሿን ፈታች። ጎንጉኖቿ ትከሻዋ ላይ ወረዱ፤ ከግራ ጆሮዋ በላይ ግን አንዲት ቦታ ባዶ ነበረች፤ ሁለት ጣት የማይሞላ አጭር ፀጉር ብቻ። መርማሪዋ ተነሥታ የታሸገችውን ጎንጉን ከባዶው ቦታ አጠገብ ያዘቻት። ውፍረቷ ያው፣ አሠራሯ ያው፣ ጫፏ ላይ የደበዘዘው ሂና ሳይቀር ያው...

«እማዬ!» ኢክራም ከተቀመጠችበት ተወርውራ እናቷ ላይ ወደቀች። በሁለት እጇ የእናቷን ራስ ልትሸፍን ታገለች። «ሸፍኝው እማዬ! ይይዙሻል! ለምን መጣሽ እማዬ፣ ለምን...»

«ኡሚ» አለ ሀምዳን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ። ሥራው ነውና ተረጎመ፤ ድምፁ ግን ተሰበረ። «እናቴ ነው የምትላት።»

መርማሪዋም እንዳይለዩአቸው ለጠባቂዋ በእጇ ምልክት ሰጠች። አሥራ አንድ ዓመት የታፈነው ቃል ወጥቶ አላልቅ አለ፤ እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ...

ያ ቀን ግን ዋጋ ነበረው። ሀሲና ከዚያው ወደ ማቆያ ተወሰደች። የኢክራም ዕድሜ በአጥንት ምርመራ ተጣርቶ ልጅ መሆኗ ታወቀና ወደ ልጃገረዶች ማቆያ ተዛወረች። የማዳም ሕፃንም በሐኪም ሲታይ ሕመሙ የጆሮ ሆኖ ተገኘ፤ ድኖ ሳቀ። ማዳም ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ክሷንም አነሣች። ሆኖም መዝገብ እስኪዘጋ ጊዜ ይፈጃል። ሀሲናን ቀድመው ወደ አገር ሰደዷት። አውሮፕላኑ ሲነሣ ባሕሩ ከታች ታያት፤ ረሺድን የዋጠው ባሕር። ባሏን ውኃው ውስጥ፣ ልጇን ከውኃው ማዶ፣ ፀጉሯንም በታሸገ ፖስታ ትታ ተመለሰች።

ሐርቡ፣ በሳሊማ ቤት፣ አምስት ወር ጠበቀች። ድሮ ልጅ እናቷን ትጠብቅበት የነበረው ደጃፍ ላይ አሁን እናት ልጇን ትጠብቃለች። ኢክራም በሳምንት አንድ ቀን እንድትደውል ተፈቅዶላት ነበር። ስትደውል «እማዬ» ብላ ትጀምራለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሀሲና እምብዛም አትሰማውም። በእነዚያ አምስት ወራት ውስጥ የሀሲና ራስ፣ ገና በሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ እንደ ጥጥ ነጣ። ጎረቤት እያየ «አቤት ቀደር! አቤት የአላህ ውሳኔ!» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በፊት፣ ከኮምቦልቻ የመጣ ሚኒባስ ቆመና አንዲት ረጅም ልጅ አንድ ፌስታል ብቻ ይዛ ወረደች። በፌስታሉ ውስጥ ስትፈታ ፈርማ የተረከበችው ንብረት ነበር፤ አንድ ዓባያ፣ አንድ የተሰበረ ስልክ፣ አንዲት ጎንጉን። ሀሲና ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠች ሁለት እጇን ዘረጋች። ኢክራም ሮጣ ደርሳ እግሯ ሥር ተደፋች።

«እማዬ... ፀጉርሽ?»

«ጠበቀሽ፣ የኔ ዓለም። ሲጠብቅ ነጣ።»

ኢክራም ተነሣች። ከእናቷ ጀርባ ተቀመጠች። ሻሿን ፈትታ፣ ያችን ጎንጉን ከፌስታሉ አወጣችና ከግራ ጆሮዋ በላይ ካለው አጭር ፀጉር ጋር በጥቁሩ ክር ቀስ ብላ አሰረቻት። በዚያ ሁሉ ነጭ መካከል አንዲት ጥቁር ጎንጉን ወረደች፤ ከመከራው በፊት ተቆርጣ ሳትሸብት የቀረች።

ሰው በወረቀት ላይ አሥር ዓመት ይጨምር ይሆናል። የተለያዩበትን ዘመን ግን በየትኛው ብዕር ይቀንሰዋል? የእኛ ብልሃት ያራቀውን፣ የአላህ ቀደር ባላሰብነው በር ይመልሰዋል፤ አንዳንዴም አስከፍሎ ይመልሳል። ያን ቀን ሐርቡ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለች፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ራሷን በእናቷ ጭን ላይ አሳርፋ፣ ጥቁሯን ጎንጉን በጣቷ ጠምጥማ እንቅልፍ ወሰዳት። ሀሲና እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ አልተንቀሳቀሰችም። ጣቶቹን የሚፈለቅቅ አልነበረም።